የትልቁ አውቶሞቢል ታሪክ፤ ከሰጋር በቅሎ እስከ ቮልስዋገን

ገዥ መደብ ስለ ራሱ ያስጻፈው ዜና መዋዕል ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የአንድን ሥርዓት ጠባይ ለመረዳት ለሚሻ ሰው፣ ጌቶቹ በምን ይሄዱ እንደ ነበርና ያንን መሄጃ ማን ይቀልበው እንደ ነበር መመርመር ከዜና መዋዕሉ ያላነሰ ትምህርት ይሰጣል። በሀገራችን የትልቁ የቤት አውቶሞቢል ታሪክ በዚህ ዓይን ሊታይ ይገባዋል። ከላይ ሲያዩት የብረት፣ የቆዳና የመስታወት ታሪክ ይመስላል፤ ጠለቅ ብለው ሲያዩት ግን የገብስ፣ የቤንዚንና የጉልበት ታሪክ ነው።

በምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ወርቅ ወደ ሞጣ በሚወስደው መሥመር፣ በጉንደ ወይን ቆሞ ስለ ቅንጦት አውቶሞቢል መናገር ለአንዳንዱ ሰው ቀልድ መስሎ ይታየው ይሆናል። የክረምቱ ዋልካ የእግረኛውን ጫማ ሲይዝ፣ ጤፍ የጫነው አህያ በጭቃው ውስጥ ሲንገዳገድ፣ ዝቅ ያለ ሆድና ሰፊ ትከሻ ያለው የከተማ መኪና በዚያ ምን ጉዳይ አለው? ጉዳይ አለው። ምክንያቱም የመኪናው ባለቤት በአዲስ አበባ ቢኖርም፣ የባለቤቱ ሀብት ይመነጭ የነበረው እንደ ጉንደ ወይን ካለ አገር አፈር ነበርና።

አውቶሞቢል ሳይመጣ በፊት የደጋው ጌታ የምቾት መሄጃ ሰጋር በቅሎ ነበረች። ሰጋር በቅሎ እንደ ፈረስ አትጋልብም፤ እርምጃዋ ወገብ አያናጋም፤ በላይዋ የተቀመጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ካባው ሳይዛነፍ ይወርዳል። ጥልፍ ግላስ ለብሳ፣ ልጓሟ በብር አጊጦ፣ አንዱ አሽከር ጠመንጃ ይዞ ከፊት፣ ሌላው ጋሻ አንግቦ ከጎን እየሮጠ ስትሄድ፣ መንገደኛው ጌታው ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ማዕረጉን ያውቅ ነበር። በቅሎ ዘር የላትምና አንዷ ስትሞት ሌላ መግዛት ግድ ነው። ስለዚህ ሰጋር በቅሎ ማቆየት የማይቋረጥ ወጪ ነበር። ይህን ወጪ የሚሸከመው ግን ጌታው ብቻውን አልነበረም። ሹም በመንገዱ ባደረበት አገር ሁሉ ገበሬው ድርጎ ያወጣል፤ ለሰዉ እንጀራና ጠላ፣ ለበቅሎዋ ገብስና ድርቆሽ ያቀርባል። እንግዲህ የአንዱ ወገብ እንዳይናጋ የብዙዎች ጎተራ ይናጋ ነበር። ይህ ሕግ በበቅሎዋ ዘመን አላበቃም፤ መልኩን ለውጦ ወደ ሞተሩ ዘመን ተሻገረ።

በታሪክ የሚታወቀው የመጀመሪያው አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የሚባለውን የሀገሩን መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ፣ በረኻውንና ዳገቱን አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ አደረሰ። ክሊፎርድ ሐሌ የሚባል ጸሐፊ ጉዞውን በመጽሐፍ ተርኮታል። ንጉሠ ነገሥቱ ለአዲስ ነገር የነበራቸው ጉጉት የታወቀ ነውና በመኪናው ተቀምጠው ሞከሩት። ይሁንና ከዚህ አውቶሞቢል ቀደም ብሎ የመጣ ሌላ ሞተር ነበረ፤ እርሱም አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣውና ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ የሰየመው የመንገድ መዳመጫ ነው። ይህን ከባድ ብረት በረኻውን አሻግሮ ዋና ከተማ ያደረሰው እየጎተተና እየገፋ የደከመ ብዙ ሰው ነበር። የሁለቱ ቅደም ተከተል ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። መኪና ያለ መንገድ፣ መንገድ ያለ ሰፊው ሕዝብ ጉልበት ከንቱ መሆኑን ገና ከጅምሩ ያስረዳል።

ጎጃምን ይገዙ የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪ መኰንንን ተከትለው አውሮፓን ጎብኝተዋል። የእነ ፓሪስንና የእነ ለንደንን ሥልጣኔ ያየ መስፍን ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመለስ ያየውን ምቾት ቢመኝ አያስገርምም። ምኞቱ ግን ዋጋ ነበረው። ራስ ኃይሉ በሀብታቸው ብዛት የታወቁትን ያህል በጎጃም ገበሬ ላይ በጣሉት የግብር ክብደትም ይታወቃሉ። በ1924 ዓ.ም. ከልጅ ኢያሱ ማምለጥ ጋር በተያያዘ ከሹመታቸው ተነሥተው ታሠሩ፤ ግብር የመክፈሉ ሸክም ግን ከገበሬው ጫንቃ አልወረደም።

በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ጠረፍ ተነሥተው በጎጃም በኩል ወደ መናገሻቸው ሲመለሱ፣ የጦሩን ስንቅና ጥይት የተሸከሙ በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች ከቆላው ወደ ደጋው በሚያወጣው ጉዞ አለቁ። የጎጃም አርበኛ አምስት ዓመት ሙሉ በባዶ እግሩ ተዋግቶ የቆየ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ግን በክፍት አውቶሞቢል ነው። ድሉን ያመጣው እግር ነው፤ ድሉን ያሳየው አውቶሞቢል ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ትልቁ የቤት አውቶሞቢል የማዕረግ ሁሉ አክሊል እየሆነ ሄደ። በቤተ መንግሥቱ ሮልስ ሮይስና መርሰዲስ ተሰለፉ፤ መኳንንቱና ባለሀብቱም እንደ አቅማቸው ተከተሉ። የንጉሠ ነገሥቱ መኪና ሲያልፍ ሌላው ባለ መኪና ቆሞ፣ ወርዶ፣ እጅ መንሣት ነበረበት። በመንገዱ ዳር ደግሞ አቤቱታውን በወረቀት ጽፎ የያዘ ገጠሬ ይጠብቃል። ዳኛ ያጣ፣ ርስቱን የተነጠቀ፣ ከአገሩ በእግሩ የመጣ ባላገር በመኪናው ፊት ተደፍቶ «አቤት!» ይላል። በዚያ ቅጽበት የመኪናው መስታወት የሁለት ዓለም ድንበር ነበር። በውስጡ ዝምታና ለስላሳ ቆዳ፣ በውጭው አቧራና እሮሮ። መስታወቱ ዝቅ ካለ ፍትሕ አለ፤ ከፍ እንዳለ ካለፈ ግን የአንድ ቤተሰብ ተስፋ በጎማው አቧራ ተሸፍኖ ይቀራል። የፍርድ ቤት ሥራ በመኪና መስኮት ላይ ሲንጠለጠል፣ ጉድለቱ የመኪናው ሳይሆን የሥርዓቱ ነው።

ለመሆኑ ከእንዲህ ያለ መኪና ጋር መኖር ለባለቤቱስ ምን ይመስል ነበር? በዘመኑ የርእሳነ ብሔራትና የባለጸጎች ምርጫ የነበረውን የጀርመኑን መርሰዲስ 600 ለምሳሌ እንውሰድ። ክብደቱ ከ2,400 ኪሎ ግራም በላይ፣ የረጅሙ ዓይነት ቁመት ከ6 ሜትር በላይ፣ የቤንዚን ፍጆታውም በ100 ኪሎ ሜትር ከ20 ሊትር የማያንስ ነበር። የዚህን ወገን አውቶሞቢል በአዲስ አበባ ጥርጊያ ላይ ያየ ሰው እንደ መርከብ ሲንሳፈፍ ያየው ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረኻ ሲወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወረድ ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ የሚይዘው ፍሬን ይግላል፤ ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ የራዲያተሩ ውኃ ይፈላል። በደጋው የሳሳ አየር ሞተሩ ከጉልበቱ ይከስራል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ብቸናና ወደ ሞጣ የሚያቀና ከሆነ፣ ጠጠሩ ማርሚታውን ይነጥቃል፤ ጭቃው እስከ ቸርኬው ይውጠዋል።

ስለዚህ መሄጃው እንደ አገሩ ይለያይ ነበር። ለአዲስ አበባ የቤት አውቶሞቢል፣ ለጠቅላይ ግዛቱ ላንድሮቨር፣ ከዚያ ወዲያ ላለው ገጠር እንደ ጥንቱ በቅሎ። የቅንጦት መኪና ባለቤቱን ነጻ ያወጣው ይመስላል እንጂ፣ በእውነቱ መንገድ ባለበት ክልል ውስጥ ያሥረው ነበር። መኪናው ወደማይደርስበት አገር የጌታው ዓይንም እምብዛም አይደርስም። ችግሩን ሳያዩ መግዛት የተለመደው በዚህም ምክንያት ጭምር ነው።

ባለቤቱ የሚያሽከረክረው መኪና እንኳ አልነበረም። የመኪናውን ጠባይ የሚያውቀው፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ የሚወለውለው፣ እኩለ ሌሊት በብርድ ቆሞ ጌታውን የሚጠብቀው ሾፌሩ ነበር። ሲታመምም የሚያድነው መካኒኩ ነው። ይህ ወዛደር በቋንቋችን ላይ የተወው አሻራ ገና በአግባቡ አልተጠናም። ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ኮፈን የሚሉት ቃላት በጣልያን መካኒኮች አፍ መጥተው፣ በኢትዮጵያዊው ሠራተኛ እጅ አማርኛ ሆነዋል። መምህራንና አካዳሚ ሳይጠየቁ፣ ጥቁር ዘይት የነካቸው ጣቶች ለቋንቋው አንድ ሙሉ የሙያ መዝገበ ቃላት አበረከቱ። ጌታው ወንበሩን ሲይዝ፣ ሠራተኛው ዕውቀቱን ያዘ።

የገብሱ ሒሳብ ዞሮ የመጣው በ1960 ዓ.ም. ነው። በአዋጅ ቁጥር 255 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ የጎጃም ገበሬ መሬቱ ተለክቶ ርስቱን እንዳያጣ ሠጋ፤ ከዚያ በፊትም በሹማምንቱ በደል ተማሮ ነበር። ሞጣና ብቸና ከዓመፁ ዋና ማዕከሎች መካከል ነበሩ። መንግሥት በጦር ሠራዊትና በአውሮፕላን ጭምር ሊያንበረክካቸው ሞከረ፤ አልሆነለትም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፣ ግብሩም ቀረ። ከመኪና መንገድ የራቀው ገበሬ፣ በለስላሳ ወንበር የተቀመጠውን ሥርዓት ወደ ኋላ እንዲመለስ አስገደደው።

ከስድስት ዓመት በኋላ ቤንዚኑ ራሱ ተናገረ። በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሰበብ የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ ሲንር፣ በሀገራችን የቤንዚን ዋጋ 50 በመቶ ተጨመረ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ዕለት መምህራንም የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን ተቃውመው አድማ መቱ። የባለ መርሰዲሱ ቤንዚን ቢወደድ የሚቀነስ ድግስ ነበረው፤ የታክሲ ነጂው ግን የሚቀንሰው የልጆቹን እንጀራ ነበር። መንግሥት በቀናት ውስጥ ዋጋውን ዝቅ ቢያደርግም፣ የተጀመረው ነገር የሚመለስ አልሆነም።

በ1967 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዕለት ማታ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው የወሎ ረሀብ ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ጋር እየተነጻጸረ በቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን መውረዳቸው ተነበበላቸውና ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተወሰዱ። ቮልስዋገን ባለ ሁለት በር ናት፤ ከኋላ ለመቀመጥ የፊቱ ወንበር መታጠፍ፣ የሚገባውም ሰው ጎንበስ ማለት አለበት። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሌላው ለመኪናቸው ጎንበስ ሲልላቸው የኖሩት ሰው፣ በዚያን ቀን ለመኪና ጎንበስ አሉ። በመንገድ የቆመው ሕዝብም «ሌባ!» እያለ ጮኸ። ደርግ ይህችን መኪና መምረጡ ምናልባት ለጥንቃቄ ይሆናል፤ ሕዝቡ ግን እንደ ትልቅ ትርኢት ተረዳው። በታሪካችን ከታዩት ተውኔቶች ሁሉ የዚያን ያህል አጭር፣ የዚያን ያህልም ግልጽ የሆነ ትዕይንት ማግኘት ያስቸግራል።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ በድል መዝሙር አያበቃም፤ እንዲያበቃ ማድረግ ራስን ማታለል ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና የከተማ ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወረሱ፤ ትልልቁ መኪና ግን ጌታውን ለወጠ እንጂ ከመንገድ አልጠፋም። ሕዝቡ ቤንዚን በራሽን በተሰለፈበት ዘመን የማይሰለፍ ሹም ነበረ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላም የሥልጣን ምልክት ከዝቅተኛው የቤት አውቶሞቢል ወደ ከፍተኛው ላንድክሩዘር ተሸጋገረ፤ በ2000ዎቹ ዓመታት «ቪ-ኤይት» የሚለው ቃል የሞተር ዓይነት ስም መሆኑ ቀርቶ የአንድ ማኅበራዊ ክፍል ስም እስከ መሆን ደረሰ። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ተጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ታገደ። ገብሱ ቤንዚን ሆኖ ነበር፤ አሁን ቤንዚኑ ኤሌክትሪክ እየሆነ ነው። «ማን ይቀልበዋል? ማንስ ይቀመጥበታል?» የሚለው ጥያቄ ግን ያው ነው።

በ2017 ዓ.ም. ያ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፣ በኋላ ስሙ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት፣ ለጎብኚ ሲከፈት ከሚታዩት ቅርሶች መካከል የዘመኑ አውቶሞቢሎች ይገኙበታል። መጠበቃቸው ተገቢ ነው፤ ቅርስ የሚጠላ ሕዝብ የለም። ነገር ግን ተማሪውን ይዞ የሚሄድ መምህር የፋብሪካውን ስምና የተሠሩበትን ዘመን ብቻ ነግሮት ቢመለስ ከታሪኩ ግማሹን አስቀርቶበታል። ድርጎ ያወጣውን ገበሬ፣ መዳመጫውን የጎተተውን፣ በብርድ የጠበቀውን ሾፌር፣ ኮፈኑን ከፍቶ ያዳነውን መካኒክ፣ በመስታወቱ ፊት የተደፋውን ባለ አቤቱታ ጨምሮ ማስተማር ይኖርበታል። ደራሲውና ሠዓሊውም እስከ ዛሬ የኋላውን ወንበር ብዙ ጊዜ ሥለውታል፤ መሪውን የያዘውን እጅ ግን ገና አልሣሉትም። በጉንደ ወይን መንገድ ዳር አህያውን ጭኖ የሚያልፈው ገበሬ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ድርሻ እንዳለው ያወቀ ጊዜ፣ የትልቁ አውቶሞቢል ታሪክ ለባለቤቱ ተመልሷል ማለት ይቻላል።