አራተኛ ፎቅ ላይ ጉድጓድ አይቆፈርም

ሸማ ሲሠራ ቆማችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በተለመደው አሠራር ሸማኔው የሚቀመጠው ወለሉ ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ነው። እግሮቹ እዚያ ውስጥ ሆነው ተራ በተራ ይረግጣሉ፤ ድሩ ወደ ላይና ወደ ታች ይከፈላል፤ እጁ ደግሞ ማጉን የያዘውን መወርወሪያ ይልካል። ጉድጓዱ የመሣሪያው አካል ነው ማለት ነው። እስቲ ይህን ሰው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አስገቡት። የት ይቆፍራል?

ጥያቄው ቀልድ ይመስላል እንጂ የከተማ ፕላን ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

«ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ «ሰፈረ» ከሚለው የመጣ ነው። ምኒልክ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ፣ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዋ ወደ ፍልውሃ ስትወርድ፣ አሰፋፈሩ የጦር ሰፈር ሥርዓትን የተከተለ ነበር። መኳንንቱ ቦታ ተሰጣቸው፤ ወታደሩ፣ አገልጋዩና ባለሙያው በዙሪያቸው ጎጆውን ቀለሰ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚህ አሰፋፈር አሻራ ናቸው። ሀብታምና ድሃ፣ መኖሪያና ሥራ ቦታ ጎን ለጎን ሆኑ። ዛሬ አርክቴክቶች «ቅይጥ አጠቃቀም» የሚሉት ነገር እኛ ጋ አዲስ አይደለም።

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወደ ከተማው ስትወርዱ፣ በተራራው ግርጌ ያሉ ሁለት ሰፈሮች ይህን ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ። ሽሮ ሜዳ ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው የሚሠሩበት ነው፤ ቀጨኔ በሸክላ ሠሪ ሴቶቹ ይታወቃል። ቤቱ መኝታም፣ መሥሪያም ነው። ጥበቡ እዚያው መንገድ ዳር ይሸጣል፤ ሸክላው ደጅ ይደርቃል፣ ደጅ ይተኮሳል። ባለሙያዎቹ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ብዙ ተንቀዋል፤ መጠጊያቸው ጎረቤቱና ዕድሩ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑት በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ርካሽ ነው፣ ጥገናው ግን ትንሽ ነው፤ የጭቃ ቤቱ አረጀ። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም የቤት ችግሩን ሊፈታ መጣ። ንድፍ አውጪዎቹ ባህሉን ጨርሶ ረሱት አይባልም፤ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ለድግስና ለለቅሶ የሚሰበሰቡበት የጋራ ቤት ሠርተዋል። ከሥር ሱቅም አለ። ግን ቤቱ ለአብዛኛው ሰው የሚደርሰው በዕጣ ስለሆነ ጎረቤት ከጎረቤት ይበታተናል። ሱቁ ደግሞ በጨረታ ይሸጣል፤ ሸማኔ በምን አቅሙ ይጫረታል?

ታዲያ የድሮው ቤት እንዳለ ይቅር? አይደለም። ጨለማ፣ እርጥበትና የጋራ ሽንት ቤት ቅርስ አይደሉም። ቺሊ ውስጥ ኢኪኬ በምትባል ከተማ፣ አሌሃንድሮ አራቬናና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ 100 ለሚጠጉ ቤተሰቦች እዚያው ይኖሩበት በነበረው ቦታ ላይ ቤት ሠሩ። ገንዘቡ ስላልበቃ ግማሹን ገንብተው የቀረውን ክፍት ቦታ ቤተሰቡ እንደ አቅሙ እንዲሞላው ተዉለት። ትልቁ ነገር ግን ጎረቤት ከጎረቤት አለመለያየቱ ነው።

ለሽሮ ሜዳም መንገድ አለ። ምድር ቤቱ ለጨረታ ሳይሆን ለሽመና ይከለል፤ ጉድጓድ ባይቻል ከፍ ያለ መቀመጫ ያለው የሽመና ዕቃ ይተከል። ድር የሚደራበት፣ የዕድር ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ ይተው። አንድ ዕድር አንድ ላይ ይግባ።

እናንተም ሞክሩት። በሰፈራችሁ ስንት ሥራ በረንዳና ደጅ ላይ እንደሚሠራ ቁጠሩ። ከዚያ የአዲሱን ሕንፃ ፕላን ተመልከቱና እያንዳንዱ ሥራ የት እንደሚገባ ፈልጉ። ቦታ ያጣ ሥራ ካገኛችሁ፣ እንጀራውን የሚያጣ ሰው አለ ማለት ነው።