ነርስ ሻርክና የባሕር ጠላቂዎች፤ የቤሊዝና የፍሎሪዳ ተሞክሮ

በካሪቢያን ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ቤሊዝ የታመቀ አየር በጀርባቸው አዝለው ወደ ኮራል ሪፍ የሚወርዱ ጎብኚዎች በብዛት ከሚያገኟቸው እንስሳት አንዱ ነርስ ሻርክ የተባለው ዓሣ ነው። እስከ 3 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ይህ ዓሣ ቡናማ ቆዳ ያለው ሲሆን፣ ከአፉ በላይ ጢም የሚመስሉ ሁለት አካላት ተንጠልጥለው ይታያሉ። ሰው ሲቀርበው ብዙም የማይሸሽ፣ አንዳንድ ጊዜም ራሱ ወደ ጠላቂው ተጠግቶ አብሮ የሚዋኝ በመሆኑ «ወዳጅ ሻርክ» እየተባለ ይጠራል።

ወዳጅነት የተባለው ጠባይ በከፊል ከተፈጥሮው የመነጨ ነው። በርካታ ሻርኮች ለመተንፈስ ዘወትር መዋኘት ሲኖርባቸው፣ ነርስ ሻርክ ውኃውን በአፉ እየሳበ በስንጥቡ ማሳለፍ ስለሚችል የባሕሩ ወለል ላይ ተኝቶ መዋል አይቸግረውም። ቀን ቀን ከመሰሎቹ ጋር ተደራርቦ ያርፋል፤ ሲመሽ ደግሞ ሸርጣን፣ ሎብስተርና ትናንሽ ዓሦችን ከኮራል ስንጥቅ ውስጥ በኃይል እየመጠጠ ይመገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳመለከተውም ኃይል በመቆጠብ ረገድ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከተለኩት ሻርኮች ሁሉ የሚቀድመው እርሱ ነው። ስለሆነም ጠላቂው ቀን የሚያገኘው እንስሳ በአብዛኛው የሚያርፍ እንጂ የሚያድን አይደለም።

ራሱ ወደ ሰው የሚመጣበት ምክንያት ግን ከዚህ የተለየ ነው። በቤሊዝ የሳን ፔድሮ ከተማ አቅራቢያ «ሻርክ ሬይ አሊ» የሚባል ጥልቀት የሌለው ሥፍራ አለ። ዓሣ አጥማጆች ያጠመዱትን እዚያ እያጸዱ ትርፍራፊውን ወደ ባሕሩ ይጥሉ ስለነበር ሻርኮቹ የጀልባ ሞተር ድምፅን ከምግብ ጋር ማያያዝ ለመዱ። ቱሪስቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ጎብኚው ፍቅር የሚመስለው ነገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ የምሳ ሰዓት ልማድ ነው።

ልማዱ ያለ ጉዳት አይደለም። የነርስ ሻርክ ጥርሶች ትናንሽ ቢሆኑም ከነከሰ በቀላሉ አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 በፍሎሪዳ አንዲት ዋናተኛ ክንዷን የነከሰው ትንሽ ነርስ ሻርክ እንደተጣበቀባት ወደ ሆስፒታል መወሰዷ ይታወሳል። ንክሻ የሚደርሰውም በአብዛኛው ሰው ዓሣውን ሲይዝ፣ ጅራቱን ሲጎትት ወይም በእጁ ሊመግበው ሲሞክር ነው።

በዚህ ጉዳይ ሁለቱ መንግሥታት የተከተሉት መንገድ ይለያያል። የፍሎሪዳ ግዛት የዓሣና የዱር እንስሳት ኮሚሽን ጠላቂዎች የባሕር ዓሦችን ለመመልከት ሲሉ እንዳይመግቡ እ.ኤ.አ. በ2001 የወሰነ ሲሆን፣ ክልከላው በ2002 መጀመሪያ ሥራ ላይ ውሏል። የመዝናኛ ጠላቂ ድርጅቶች ገበያቸውን እንደሚጎዳ በመግለጽ ተቃውመው ነበር። ቤሊዝ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1987 የሆል ቻን የባሕር ጥብቅ ክልልን አቋቁማ፣ ቆይቶም ሻርክ ሬይ አሊን በዚሁ ክልል ውስጥ አጠቃላለች። ጎብኚዎች የመግቢያ ክፍያ ይከፍላሉ፤ ገቢውም ለጥበቃ ሥራው ይውላል።

ጥበቃው ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ሴቷ ነርስ ሻርክ በአንድ ጊዜ ከ20 በላይ ግልገሎች ልትወልድ ብትችልም፣ የምትወልደው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ነው። በፍሎሪዳ ድራይ ቶርቱጋስ ደሴቶች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የተካሄደ ክትትል ደግሞ እነዚያው ሻርኮች ለመራባት ወደዚያው ሥፍራ በተደጋጋሚ እንደሚመለሱ፣ አንዳንዶቹም ከ20 ዓመታት በላይ መታየታቸውን አረጋግጧል። ለአስጎብኚው አስተማማኝ ገቢ የሆነው ይኸው ቦታ ያለመልቀቅ ጠባይ ለአጥማጁም ምቹ ነው፤ ሻርኮቹ ከአንድ ሥፍራ ከተጠመዱ በቶሎ የሚተካቸው አይኖርም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም ዝርያውን ለመጥፋት ተጋላጭ ከሆኑት መካከል መድቦታል።

ቤሊዝ ነርስ ሻርክ እንዳይጠመድ እ.ኤ.አ. በ2011 በደንብ ከልክላለች። በ2020 የመረብ ዓይነት የሆነውን ጊልኔትን፣ በ2021 ደግሞ ሦስቱን የኮራል ደሴት ቀለበቶች ከብቦ በሚገኝ የሁለት የባሕር ማይል ክልል ውስጥ ማናቸውንም ሻርክ ማጥመድን አግዳለች። ለዚህ የመጨረሻው ውሳኔ ከተመራማሪዎች ጋር ሲሠሩ የቆዩ የሻርክ አጥማጆችም ድጋፋቸውን ሰጥተዋል።