የሞተር ሳይክል ባትሪ ቻርጀር

የሞተር ሳይክል ባትሪ ቻርጀር ከመብራት መስመር የሚመጣውን ተለዋዋጭ ኮረንት ወደ ቀጥተኛ ኮረንት ለውጦ የሞተር ሳይክልን ባትሪ የሚሞላ መሣሪያ ነው። በኢትዮጵያ የቤት መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሲሆን፣ የአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ባትሪ ደግሞ 12 ቮልት ነው። የሞተር ሳይክል ባትሪ በአቅሙ ከመኪና ባትሪ በብዙ ስለሚያንስ የሚስማማው ቻርጀርም ትንሽ ነው፤ በዚህም ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ቅናሽ ነው። በምርጫ ጊዜ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ነገር የኮረንቱ ብዛት ሳይሆን ቮልቴጅን የመቆጣጠር ችሎታ ነው። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄዱ ሞተር ሳይክሎች በ48፣ በ60 ወይም በ72 ቮልት ስለሚሠሩ የየራሳቸው ቻርጀር አላቸው፤ ይህ ጽሑፍ እነርሱን አይመለከትም።

ባትሪ የሚደክምበት ምክንያት

ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው የራሱ ዲናሞ ነው። ሞተር ሳይክሉ ለሳምንታት ከቆመ ግን ባትሪው በራሱ ቀስ በቀስ ይደክማል። ሰዓት፣ የስርቆት መከላከያ ማንቂያ ወይም ጂፒኤስ ከተገጠመለት ድካሙ ይፈጥናል። በአጭር ርቀት ብቻ እየተነዳ በተደጋጋሚ በቁልፍ የሚነሳ ሞተርም ያወጣውን ኃይል መልሶ ለመሙላት በቂ ጊዜ አያገኝም።

የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ደክሞ ሲቆይ በሰሌዳዎቹ ላይ የሊድ ሰልፌት ክሪስታል ይጠነክራል። ይህ ሰልፌሽን ይባላል። ሰልፌሽን የባትሪውን አቅም ይቀንሳል፤ ከበረታም ባትሪው ዳግመኛ ሊሞላ አይችልም። ስለዚህ የቻርጀር ዋና ጥቅም የሞተ ባትሪን ማስነሳት ሳይሆን ደህናው ባትሪ እንዳይሞት መጠበቅ ነው።

የባትሪ ዓይነቶች

በጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. የተፈለሰፈው የእርሳስ-አሲድ ባትሪ እስከ ዛሬ በሞተር ሳይክሎች በስፋት ይሠራበታል። ባለ 12 ቮልቱ እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት ገደማ የሚሰጡ 6 ሴሎች አሉት። ሦስት ዋና ዋና ዓይነቶች በገበያ ይገኛሉ፦

• ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ፦ ክዳኖቹ ይከፈታሉ፤ ውኃው ሲጎድል የተጣራ የባትሪ ውኃ ይጨመርበታል።
• የታሸገ ባትሪ፦ አሲዱ በመስታወት ጭረት ምንጣፍ ውስጥ የተመጠጠበት ወይም እንደ ጄል የረጋበት ነው። ውኃ ሊጨመርበት ስለማይችል ከመጠን በላይ ሲሞላ የሚደርስበት ጉዳት አይጠገንም።
• የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ፦ ቀላልና ውድ ነው። ሰልፌሽንን ለመስበር ከፍ ያለ ቮልቴጅ የሚልክ የእርሳስ-አሲድ ቻርጀር ሊያበላሸው ስለሚችል፣ ለሊቲየም የተሠራ ቻርጀር ያስፈልገዋል።

አንዳንድ የቆዩ ሞተር ሳይክሎች ባለ 6 ቮልት ባትሪ አላቸው። ለእነዚህ በ6 ቮልት የሚሠራ ወይም ወደ 6 ቮልት የሚቀየር ቻርጀር ያስፈልጋል።

የኮረንት መጠን

የባትሪ አቅም በአምፔር ሰዓት ይለካል፤ መጠኑም ብዙ ጊዜ በባትሪው ገላ ላይ ተጽፏል። ለእርሳስ-አሲድ ባትሪ የተለመደው መመሪያ የአቅሙን አንድ አሥረኛ የሚያህል ኮረንት መስጠት ነው። ለባለ 5 አምፔር ሰዓት ባትሪ 0.5 አምፔር፣ ለባለ 9 ደግሞ 0.9 አምፔር ማለት ነው። በዚህ ስሌት ከ0.5 እስከ 1 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ለብዙዎቹ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ይበቃል።

ለምሳሌ፣ ባለ 5 አምፔር ሰዓት ባትሪ በግማሽ ቢደክም የጎደለው 2.5 አምፔር ሰዓት ነው። በ0.5 አምፔር ሲሞላ በስሌት 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በተግባር ግን መጨረሻው ላይ ኮረንቱ ስለሚቀንስና ከፊሉ ኃይል ስለሚባክን ከዚያ ይረዝማል። 10 አምፔር የሚሰጥ የመኪና ቻርጀር ይህንኑ ባትሪ ያግለዋል፤ ሰሌዳዎቹንም ሊያጣምም ይችላል።

የቻርጀር ዓይነቶች

ቀላሉ ቻርጀር ትራንስፎርመርና ሬክቲፋየር ብቻ ያለው ነው። ባትሪው ሲሞላ አያቆምም። ቮልቴጁ እየጨመረ ሲሄድ የባትሪው ውኃ ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ይበተናል። ውኃ ለሚጨመርበት ባትሪ ሰው አጠገቡ ሆኖ እየተከታተለ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ለታሸገ ባትሪ ግን አይመከርም።

አውቶማቲክ ቻርጀር በደረጃ ይሠራል። መጀመሪያ የተወሰነ ኮረንት ይሰጣል፤ ቮልቴጁ 14.4 አካባቢ ሲደርስ ኮረንቱን እየቀነሰ ይሄዳል፤ ባትሪው ሲሞላ ያቆማል ወይም ወደ 13.5 ቮልት ገደማ ወርዶ ይጠብቀዋል። ርካሽ ቻርጀር ባትሪን ካበላሸ ቁጠባው ወዲያው በአዲስ ባትሪ ዋጋ ስለሚጠፋ፣ አነስተኛ ኮረንት ያለው አውቶማቲክ ቻርጀር በመጨረሻ ወጪ የሚቀንሰው ነው።

መብራት በሌለበት አካባቢ አነስተኛ የፀሐይ ፓነል ሊያገለግል ይችላል። ሆኖም ባለ 12 ቮልት የሚባለው ፓነል ያለ ጭነት ከ20 ቮልት በላይ ሊሰጥ ስለሚችል በመካከሉ የቻርጅ መቆጣጠሪያ መግባት አለበት።

ከመግዛት በፊት የሚታዩ ነገሮች

መጀመሪያ የሚጣራው ችግሩ በእርግጥ ቻርጀር የሚፈታው መሆኑ ነው። ቆሞ ያረፈ ሙሉ ባትሪ በመልቲሜትር ሲለካ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ያሳያል፤ 12.2 አካባቢ ከሆነ በግማሽ ደክሟል። ሞተሩ በመካከለኛ ፍጥነት እየሠራ ሲለካ ከ13.5 እስከ 14.8 ቮልት ካላሳየ ጉድለቱ የዲናሞው ወይም የሬጉሌተሩ ሊሆን ይችላል፤ ቻርጀር መግዛት አያድነውም። ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ በማግስቱ የሚወርድ ባትሪም ብዙ ጊዜ መቀየር ያለበት ነው።

ቀጥሎ በቻርጀሩ ላይ የተጻፈው ይነበባል፦ የባትሪው ቮልት፣ የኮረንቱ መጠን፣ የሚሞላው የባትሪ ዓይነትና ከ220 ቮልት ጋር መስማማቱ። ሽቦ በተቃራኒ ሲገባ የሚከላከል መሆኑም ይታያል። መብራት ሄዶ ሲመለስ በራሱ የሚቀጥል መሆኑን መጠየቅ ይጠቅማል፤ አንዳንዶቹ እንደገና ቁልፍ እስኪጫን ይጠብቃሉ። አንዳንድ አውቶማቲክ ቻርጀሮች ቮልቴጁ እጅግ የወረደን ባትሪ መሙላት አይጀምሩም።

አጠቃቀምና ጥንቃቄ

ባትሪው ከሞተሩ ሲወጣ መጀመሪያ ኔጌቲቩ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩ ይፈታል፤ ሲመለስ ፖዘቲቩ ይቀድማል። የቻርጀሩ መቆንጠጫዎች ከባትሪው ጋር ከተያያዙ በኋላ ብቻ ሶኬቱ ይሰካል፤ ሲያበቃም መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀላል።

ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጂን ከአየር ጋር 4 በመቶ ያህል ሲቀላቀል ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ባትሪ በመኝታ ክፍል፣ በምድጃ ወይም በሲጋራ አጠገብ አይሞላም። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ሳይዘገይ በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብና ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ገላው ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም አሲድ የሚያፈስ ባትሪ በምንም ዓይነት ቻርጀር መሞላት የለበትም።