ትዝታው የጠፋ ሰው ለምን ልባችንን ይሰቅላል?

ከጋን ያቭኔ ነው የማወራችሁ። ትዝታው የጠፋበትን ሰው የሚያሳዩ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ለምን ይይዙናል? እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውን የክሪስቶፈር ኖላንን «ሜሜንቶ» አስቡት። የሚስቱን ገዳይ የሚፈልገው ሰውዬ ከደቂቃዎች በኋላ ሁሉንም ይረሳል፤ እንዳይጠፋበት ገላው ላይ ይነቀሳል። እኛም ከሱ የበለጠ አናውቅም፤ አብረነው እንፈልጋለን።

የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማም እንዲህ ያለ ፊልም አለው። «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት አገኘ። አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ በደርግ መጨረሻ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ሲመለስ አንድ እግሩ የለም፤ ትዝታውም ተቆራርጧል። ምን ደረሰበት? ከሁለት ሰዓት በላይ የምንጠብቀው ይህንን ነው።

ያ ዘመን የወላጆቻችንም ዘመን ነው። ከጎንደር በእግራቸው ሱዳን ገቡ። በ1984 መጨረሻ የሙሴ ዘመቻ እስኪጀመር ድረስ በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ ካምፖች ወደ 4,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። እዚያ አይሁድነታቸውን ደብቀው ነበር የኖሩት። እነሱ አልረሱም፤ ዝም አሉ እንጂ። ዝምታው ግን ለኛ እንደ መርሳት ነው፤ ካልነገሩን የምናውቀው የለም።

እስቲ ዛሬ ማታ ቡናው ሲፈላ አያታችሁ ጋ ቁጭ በሉና «እርስዎ በየት በኩል ነው የወጡት?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ አታቋርጡ።