ትውፊት ማን ነው?

ባለፈው ነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ሁለት ወዳጆቼ ካፌ ውስጥ ተያያዙ። አንደኛው ጿሚ ነው፤ ማኪያቶውን ትቶ ጥቁር ቡና ይዟል። ሌላኛው «የማርያም ዕርገት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የት ጋ ነው የተጻፈው?» ይለዋል። ጿሚው «አባቶቻችን አስተምረውናል፣ ይበቃል» ይመልሳል። ፍረድ ብለው ወደ እኔ ሲዞሩ፣ እኔ ሮም ገባሁ። ለምን ብትሉ፣ ካቶሊኮች በዚሁ ጥያቄ ብዙ ስለተሟገቱ ነው። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ለወዳጄ «የት ተጽፏል?» ካቶሊኮች መልስ የሰጡት ድሮ ነው። እነ ሉተር «መጽሐፉ ብቻ» ባሉ ጊዜ፣ በትሬንት ከተማ የተሰበሰቡት ጳጳሳት በ1546 «ከሐዋርያት በቃል የተላለፈውንም ትውፊት ከመጽሐፉ እኩል አክብረን እንቀበላለን» የሚል ድንጋጌ አወጡ። ደህና። ግን ትውፊት እንደ መጽሐፍ ገልጠው ምዕራፍና ቁጥር የሚጠቅሱለት ነገር አይደለም። ይሄኛው ትውፊት ነው፣ ያኛው ተረት ነው ብሎ የሚለየው ማን ነው?

ጣጣው የመጣው በአንደኛው የቫቲካን ጉባኤ ነው። ጉባኤው በ1869 ዲሴምበር ሲከፈት 700 ያህል ጳጳሳት ሮም ገብተው ነበር። የተጣሉበት ጉዳይ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ አለመሳሳት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው «ካቶሊኮች ጳጳሳችን በምንም ነገር አይሳሳትም ይላሉ» ብሎ ያስባል። አይሉም። የተባለው፣ በመንበሩ ሥልጣን ስለ እምነትና ስለ ምግባር ለመላዋ ቤተ ክርስቲያን የመጨረሻ ውሳኔ ሲሰጥ ነው።

በ1870 ጁን 18 ቀን የቦሎኛው ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ጊዲ ተነሥተው ተናገሩ። የማይሳሳተው ውሳኔው እንጂ ሰውየው አይደለም፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም ከመወሰናቸው በፊት የየአገሩን ትውፊት የሚመሰክሩትን ጳጳሳት ሊጠይቁ ይገባል አሉ። ጉባኤው ታመሰ። ፒዮስ 9ኛ በዚያው ዕለት አስጠርተው ተቆጧቸው። እንደሚነገረው ጊዲ «እኔ እኮ የትውፊት ምስክሮች ናቸው ነው ያልኩት» ቢሉ፣ ፒዮስ «ትውፊት እኔ ነኝ!» ብለው መለሱላቸው።

ጁላይ 18 ቀን የመጨረሻው ድምፅ ተሰጠ። ከ50 የሚበልጡ ተቃዋሚዎች አባታቸው ፊት «አይሆንም» ማለቱ ቢከብዳቸው ቀድመው ሮምን ለቅቀው ሄደዋል። ውጭው ነጎድጓድና መብረቅ ነው። 533 ደገፉ፤ ሁለት ተቃወሙ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ደግሞ፣ ውሳኔው የሚጸናው በራሱ እንጂ ቤተ ክርስቲያን ስለተስማማችበት አይደለም የምትል ሐረግ ተጨምራ ነበር። ጊዲን ለመድፈን የገባች ነው የምትመስለኝ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ፒዮስ ራሳቸው ከ21 ዓመት በፊት ያደረጉት ነው። በ1849፣ ከሮም በአመፅ ሸሽተው ጋኤታ በስደት ሳሉ፣ ድንግል ማርያም ያለ ጥንተ አብሶ መፀነሷን ልደንግግ ወይ ብለው በዓለም ላሉ ጳጳሳት ጽፈዋል። የደነገጉት መልሳቸውን ከሰበሰቡ በኋላ በ1854 ነው። ጊዲ ይደረግ ያሉትን ሰውየው ቀድመው አድርገውታል ማለት ነው! ማድረጉን አልጠሉም፤ ግዴታ ነው መባሉን ነው የጠሉት።

ወደ ፍልሰታችን እንመለስ። ከ1870 ወዲህ ያ ሥልጣን በግልጽ የተሠራበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1950 ፒዮስ 12ኛ የማርያምን ዕርገት ዶግማ ሲያደርጉ። ሕዝቡ ግን በዓሉን ከጥንት ጀምሮ ያከብር ነበር፤ እኛም አገር ለነሐሴ 16 ማንም የሮም አዋጅ አልጠበቀም። ፒዮስ 12ኛም በ1946 ለዓለም ጳጳሳት ደብዳቤ ልከው እናንተስ፣ ካህናቱስ፣ ምእመኑስ ይህን ትፈልጋላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ከሞላ ጎደል ሁሉም «አዎን» አሉ። ማንም ሳያስገድዳቸው፣ በሕግ ሳያስፈልጋቸው ጠየቁ።

ጿሚው ወዳጄ ጥቁር ቡናውን ጨልጦ «ጊዲ ታዲያ ምን አሉ?» አለኝ። ምን ይላሉ? የሞቱት በ1879 ነው፤ ደብዳቤው ሲጻፍ 67 ዓመት አልፏቸው ነበር።