ባተርሲ የውሾችና የድመቶች መጠለያ

በለንደን የሚገኝ፣ ባለቤት ያጡ ውሾችንና ድመቶችን እያከመ አዲስ አሳዳጊ የሚፈልግላቸው የበጎ አድራጎት ድርጅት። ሜሪ ቲልቢ በ1860 እ.ኤ.አ. በሆሎዌይ ሠፈር ለጠፉና ለተራቡ ውሾች ማረፊያ አድርጋ መሠረተችው። ታይምስ ጋዜጣ ቢሳለቅባትም፣ ቻርልስ ዲክንስ ያዘጋጀው በነበረው መጽሔት ላይ በ1862 የወጣ ጽሑፍ ደግፏት ተሟገተላት። ቲልቢ በ1865 አረፈች፤ መጠለያው በ1871 ወደ ባተርሲ ተዛወረ፤ ድመቶችን መቀበል የጀመረው በ1883 ነው።

ዛሬ በእንግሊዝ የጠፋ ውሻ ያገኘ ሰው ለባለቤቱ መመለስ ወይም ለአካባቢው አስተዳደር ማሳወቅ ግዴታው ነው። አስተዳደሩ ውሻውን ለ7 ቀናት ያቆያል፤ ፈላጊ ካልመጣ ለመጠለያ ወይም ለሌላ አሳዳጊ ሊሰጠው ይችላል። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ውሻ ሁሉ ከቆዳው ሥር መለያ ማይክሮቺፕ እንዲኖረው ተደንግጓል። ለጠፋ እንስሳ ከዚህ የተሻለ ውለታ ማግኘት ይከብዳል፤ ሆኖም ባለቤቱ ስልክ ቁጥሩን ሲቀይር ከቺፑ ጋር የተያያዘውን የባለቤት መዝገብ ካላሳደሰ ቺፑ ብቻውን ወደ ቤቱ አያደርሰውም።