የትራቫንኮር አሸዋና የትሮምባይ ተስፋ

በልጅነቴ በአባቴ ቤት ማሾ የሚበራው ለዓመት በዓልና ለክቡር እንግዳ ብቻ ነበር፤ በሌላው ምሽት ሁሉ ኩራዝ ይበቃን ነበር። አባቴ ጋዙን ሞልቶ፣ አየሩን በእጁ ነፍቶ፣ ክብሪት በጫረ ጊዜ፣ በመስተዋቱ ውስጥ የተንጠለጠለችው፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጠው የጨርቅ ከረጢት ትነድና አመድ ትሆናለች፤ ከዚያ በኋላ ያ አመድ ራሱ ቅርጹን ሳይለቅ፣ ዓይን የሚወጋ ነጭ ብርሃን እየሰጠ፣ ቤቱን እስከ ማገሩ ድረስ ያሳየን ነበር። አንዲት የእሳት ራት በቀዳዳ ገብታ ክንፏን ብታሳርፍበት ግን ወዲያው ይረግፋል፤ ስለዚህም እኛ ልጆቹ በማሾው አጠገብ ስናልፍ ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር። ጨርቁ ከነደደ በኋላ የሚቀረውና የሚያበራው አመድ ቶሪየም ከተባለ ማዕድን የተገኘ መሆኑን፣ ይኸው ማዕድን የሕንድ መንግሥት የአቶም ኃይል ተስፋውን ሁሉ ያኖረበት መሆኑን የተረዳሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

በሕንድ ደቡባዊ ምዕራብ ዳርቻ፣ ሐዋርያው ቶማስ ወንጌልን ሰብኮባታል ተብሎ በትውፊት በሚነገርላት፣ ዛሬ ኬረላ በምትባለው ምድር፣ ትራቫንኮር የተባለ የመሳፍንት ግዛት ነበረ። ሕዝቡ የኮኮናትን ልጣጭ በውሃ ዘፍዝፎና ቀጥቅጦ ቃጫውን ወደ አውሮፓ ይሸጥ ነበር፤ በ1909 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ሾምበርግ የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በዚህ ቃጫ ላይ ተጣብቆ የመጣውን አሸዋ ቢመረምር፣ ሞናዛይት የሚባለውን፣ ቶሪየም ያዘለውን ማዕድን አገኘበት። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ከተሞች አደባባይና ቤት የሚበራው፣ ኦስትሪያዊው አወር ፎን ቬልስባኽ በፈለሰፉት ጥበብ፣ በቶሪየም ጨው በተነከረ የጋዝ መብራት ጨርቅ ነበርና፣ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ይዘረጉበት የነበረው ጥቁር አሸዋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመርከብ የሚጫን ሸቀጥ ሆነ። የኤሌክትሪክ አምፑል የጋዙን መብራት ሲያሸንፍ አሸዋው ተናቀ፤ እንደ ገና የተከበረው አቶም በ1945 በጃፓን ከተሞች ላይ አስፈሪነቱን ከገለጠ በኋላ ነው። ሕንድ ነጻ ልትወጣ በተቃረበችበት በ1947፣ ዲዋን ተብለው የሚጠሩት የትራቫንኮር ጠቅላይ ሚኒስትር ሰር ሲ. ፒ. ራማስዋሚ አየር ግዛታቸው ከሕንድ ተለይታ ለብቻዋ እንድትቆም ሲሟገቱ፣ ከሚመኩባቸው ሀብቶች አንዱ ይህ የባሕር ዳር አሸዋ ነበር።

አሸዋው በታወቀበት በዚያው በ1909 ዓመት በቦምቤይ ከተማ ከፓርሲ ወገን ከሆነ ባለጸጋ ቤተ ሰብ ሆሚ ጄሃንጊር ባባ ተወለዱ። ቤተ ሰቡ ወደ ካምብሪጅ የላካቸው መሐንዲስ ሆነው በዘመዶቻቸው በታታዎች የብረት ሥራ እንዲሰማሩ ነበር፤ የእሳቸው ልብ ግን ወደ ፊዚክስ አዘነበለ። በ1939 ለዕረፍት ወደ አገራቸው በመጡበት ጊዜ በአውሮፓ ጦርነት ስለ ተነሣ በዚያው ቀሩ፤ በመጋቢት 1944ም፣ ማለት ሂሮሺማ ከመቃጠሏ ከ17 ወራት በፊት፣ በታታዎች ስም ለተቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት በጻፉት ደብዳቤ የፊዚክስ ምርምር ቤት እንዲቋቋም ለመኑ። ምክንያታቸውን ሲያስረዱም፣ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ የአቶም ኃይል ለኤሌክትሪክ ሥራ በዋለ ጊዜ፣ ሕንድ ሊቃውንትን ከባዕድ አገር ከመፈለግ ይልቅ በገዛ ቤቷ ተዘጋጅተው ታገኛቸዋለች አሉ። ልመናቸው ተሰምቶ በ1945 የታታ የመሠረታዊ ምርምር ተቋም ተከፈተ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ቅደም ተከተል ነው፤ የአቶም ማብላያው ሳይታሰብ መምህሩ ታሰበ፤ ብረቱ ሳይገዛ ብረቱን የሚያዝዘው አእምሮ ተኰተኰተ። አገራችንም በአቶም ኃይል ጉዳይ ከሩስያ ጋር ስምምነት በተፈራረመችበት በዚህ ዘመን፣ ያን የ1944 ደብዳቤ የሚያነብብ ሰው ለራሱ ብዙ ነገር ይጠይቃል።

ነጻነት በተገኘ በዓመቱ፣ በ1948፣ የአቶም ኃይል ሕግ ወጣ፤ የአቶም ኃይል ኮሚሽንም በባባ ሊቀ መንበርነት ተቋቋመ። ሕጉ በሕግ አውጪው ጉባኤ ሲመከርበት አንድ የጉባኤው አባል ተነሥተው፣ በእንግሊዝ አገር ምስጢር የሚጠበቀው ለጦር በሚሆነው ክፍል ብቻ ሲሆን፣ በእኛ አገር ለሰላም የሚውለው ምርምር ሁሉ በምስጢር የሚከደነው ስለ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጃዋሃርላል ኔህሩም ሁለቱን ለይቶ ማስቀመጥ እንደሚቸግራቸው በቅንነት መለሱ። ይህ ጥያቄና መልስ በመዝገብ ላይ ጥቂት መስመር ብቻ የያዘ ይሁን እንጂ፣ በኋላ የደረሰው መሰናክል ሁሉ ሥሩ በውስጡ ይገኛል፤ ለመብራት የሚሆነውንና ለመሣሪያ የሚሆነውን ለይቶ ያላስቀመጠ መንግሥት፣ ባዕዳን ሲጠረጥሩትም ሆነ የገዛ ዜጎቹ ሲፈሩት፣ እነሆ ተመልከቱ ብሎ በሩን ለመክፈት አልቻለምና።

የመጀመሪያው ማብላያ በቦምቤይ አጠገብ በትሮምባይ፣ ነዳጁ ከእንግሊዝ መጥቶ፣ የቀረው ሁሉ በሕንዶች እጅ ተሠርቶ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1956 ሥራ ጀመረ። ነዳጁ በጥልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ ተሰቅሎ ሲሠራ፣ ከገንዳው በላይ ቆሞ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው፣ ውሃው ከውስጡ ሰማያዊ ብርሃን የሚያፈልቅ ሆኖ ይታያል፤ ኔህሩም ይህን አይተው በሕንዶች ጥንታዊ ትረካ ከውሃ የወጡ ሰማያውያን ቈነጃጅት በሚጠሩበት ስም አፕሳራ ብለው ሰየሙት።

ባባ ግን ከዚህ ገንዳ ባሻገር ይመለከቱ ነበር። ሕንድ የዩራኒየም ድኻ ናት፤ በጃዱጉዳ የሚቈፈረውም ማዕድን ጥራቱ እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ ቶሪየም ግን በባሕሯ ዳር እንደ አሸዋ፣ በእውነትም አሸዋ ሆኖ፣ ተርፏል። ይሁን እንጂ ቶሪየም እንደ እርጥብ ግንድ ነው፤ ለብቻው እሳት አይዝም፤ ከሥሩ ጭራሮ ነድዶ፣ ሙቀቱ አድርቆት፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ራሱ ነበልባል የሚሆነው። ስለዚህ በ1954 ባባ ያቀረቡት ዕቅድ ሦስት እርከን ነበረው፤ በመጀመሪያው እርከን ከባድ ውሃ በሚባለው የውሃ ዓይነት የሚሠሩ ማብላያዎች ጥቂቱን ዩራኒየም እያነደዱ ፕሉቶኒየም ያስገኛሉ፤ በሁለተኛው ያ ፕሉቶኒየም ከሚያነድደው የበለጠ ነዳጅ በሚያራባ ማብላያ ውስጥ ይገባል፤ በሦስተኛው እርከን ቶሪየም ወደ ዩራኒየም 233 ተለውጦ ለዘመናት የማያልቅ ነዳጅ ይሆናል። ይህን የመሰለ፣ የልጅ ልጅን ዘመን አስቦ የተነደፈ ዕቅድ ከቅኝ አገዛዝ በወጣ በሰባት ዓመቱ ማሰብ የቻለ አገር ምስጋና ይገባዋል።

ነገር ግን ዕቅዱ ረጅም ስለ ነበረ ተስፋው በቊጥር መገለጥ ጀመረ፤ ቊጥሩም ከሥራው ቀድሞ ሮጠ። ባባ በጥር 1966 የተሳፈሩበት አውሮፕላን በሞን ብላን ተራራ ላይ ተከስክሶ ሲሞቱ፣ ገና አንዲት የቤት አምፑል በአቶም ኃይል አልበራችም ነበር፤ ተከታያቸው ቪክራም ሳራብሃይ በ2000 ዓመት ከ43 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ እንደሚገኝ አስታወቁ፤ ዓመቱ ደርሶ ሲታይ የተተከለው ኃይል 3 ሺህ እንኳ አልሞላም። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጣቢያ ከቦምቤይ በስተ ሰሜን በታራፑር፣ በአሜሪካው ጀኔራል ኤሌክትሪክ ተሠርቶ በ1969 ሲከፈት፣ የበለጸገውም ዩራኒየም ከአሜሪካ ይመጣ ነበር። የራጃስታኑ ጣቢያ ደግሞ የካናዳ ሥራ ነበር። ግንቦት 18 ቀን 1974 ሕንድ በፖክራን ምድረ በዳ ከመሬት በታች የአቶም ፍንዳታ አደረገች፤ ሰላማዊ ነው ብትልም፣ ፕሉቶኒየሙ ለሰላም ይውላል ተብሎ ካናዳ ከሰጠችው ሌላ ማብላያ የወጣ ነበርና ካናዳ ሰዎቿን ይዛ ወጣች፤ አሜሪካም ቈይታ የታራፑርን ነዳጅ ከለከለች፤ ሻጮቹ አገሮችም ማኅበር አቋቁመው በሩን ዘጉ።

የባባ ደብዳቤ ፍሬ ያፈራው ያን ጊዜ ነው። በራጃስታን ካናዳውያን ትተውት የሄዱትን ሁለተኛውን ማብላያ የሕንድ መሐንዲሶች በገዛ እጃቸው ጨርሰው በ1981 አበሩት፤ በካልፓካም ሌሎች ሁለት ማብላያዎችን በ1984ና በ1986 ደገሙ። ዋጋው ግን ዘመን ነበር፤ በቀላሉ በገበያ የሚገኘው ዕቃ ሁሉ እንደ አዲስ መፈልሰፍ ነበረበት።

በጋንጌስ ወንዝ ዳር በናሮራ ጣቢያ የደረሰውን ጥቂት ዘርዘር አድርጌ ልንገር፤ ከአኀዝ ይልቅ ይህ ታሪክ ልቤን ይዞታልና። መጋቢት 31 ቀን 1993 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ከተርባይኑ ሁለት ምላጮች ተሰብረው ወጡ፤ መሣሪያው ተናውጦ ሃይድሮጅኑ አፈተለከ፤ እሳቱም ዘይቱን ይዞ በኤሌክትሪክ ገመዶቹ ላይ ሮጠ። ሠራተኞቹ ማብላያውን ወዲያው አቆሙት፤ ግን የቆመ ማብላያም ለብዙ ሰዓት ሙቀቱ አይለቀውም። ኃይል ሁሉ ተቋረጠ፤ የመቈጣጠሪያው ክፍል በጢስ ተሞልቶ የሚነበብ መሣሪያ ጠፋ። ያን ጊዜ ጥቂት ሠራተኞች የባትሪ መብራት በእጃቸው ይዘው፣ በጨለማ ወደ ማብላያው ሕንፃ አናት ወጥተው፣ የአቶሙን እሳት የሚያዳፍነውን የቦሮን ፈሳሽ ቧንቧ በእጃቸው ከፈቱት፤ ለእሳት ማጥፊያ የተዘጋጁትን በናፍጣ የሚሠሩ ፓምፖች አስነሥተውም የማቀዝቀዣ ውሃ ሰደዱ። ለ17 ሰዓት ያህል ጣቢያው ያለ ኤሌክትሪክ ቈየ፤ የጨረር ጉዳት ግን አልደረሰም። ብረቱ በከዳ ሌሊት አገሪቱን ያዳነ የሠለጠነ ሰው ነው።

በማግስቱ ዓመት በካይጋ በመሠራት ላይ የነበረው የማብላያ ሕንፃ ጕልላት ተደርምሶ ወደቀ፤ በዚያው ካይጋ ግን በኋላ የተተከለው አንዱ ማብላያ እስከ 2018 መጨረሻ 962 ቀን ሳያቋርጥ ሠርቶ በዓለም አንደኛ ሆነ። ድካምና ብርታት በአንድ ቦታ የሚውሉበት ሥራ ነው።

በአዲሱ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዩራኒየሙ እያነሰ ሄዶ ማብላያዎቹ በግማሽ ጕልበት የሚሠሩበት ጊዜ መጣ፤ በመስከረም 2008 አርባ አምስቱ የነዳጅ ሻጭ አገሮች ለሕንድ ልዩ ፈቃድ ሰጥተው በሩ እንደ ገና ተከፈተ። በሩ ቢከፈትም የቦፓል ትዝታ በደጁ ቆሞ ነበር፤ በታኅሣሥ 1984 ከአሜሪካ ኩባንያ ፋብሪካ ያመለጠ መርዘኛ ጋዝ በአንድ ሌሊት ሺዎችን ፈጅቶ፣ ካሣው በቂ ሳይሆን ቀርቶ ነበርና፣ የሕንድ ምክር ቤት በ2010 ዕቃ አቅራቢውም እንዲጠየቅ የሚያደርግ የካሣ ሕግ አወጣ። ባዕዳን ኩባንያዎች ሕጉን አማርረው ወደ ኋላ አሉ፤ እኔ ግን ሙታኑን የሚያስታውስ ሕግ ያወጣውን ምክር ቤት ለመንቀፍ አልደፍርም።

ከሁሉ የከበደው እንቅፋት ግን በደቡብ ጫፍ፣ በኩዳንኩላም ታየ። በዚያ ጣቢያ ለመሥራት ከሶቭየት ኅብረት ጋር በ1988 ውል ተፈረመ፤ ፈራሚው ኅብረት ራሱ ፈረሰ፤ ሥራው በ2002 በሩስያ እጅ ተጀመረ። በ2011 የጃፓኑ የፉኩሺማ ጣቢያ በሱናሚ ተመትቶ ሲቃጠል፣ ከኩዳንኩላም አጠገብ የኢዲንታካራይ ዓሣ አጥማጆች በ2004 ራሳቸው ያዩትን ማዕበል አስታወሱ። በእመቤታችን ስም በተሠራው ቤተ ክርስቲያናቸው ቅጥር ዳስ ጥለው፣ ሴቶቹ በብዛት ተቀምጠው፣ ለወራት ጾሙና ጸለዩ፤ በመስከረም 2012ም ውሃው እስከ ደረታቸው እስኪደርስ ወደ ባሕሩ ገብተው ቆሙ። መንግሥት በሺዎች የሚቈጠሩትን በአመፅ ወንጅሎ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 ጣቢያውን ፈቀደ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ኤሌክትሪኩ ወደ መስመሩ ገባ። ጣቢያው ለሕንድ ብዙ ብርሃን እንደሰጠ አልክድም፤ ቢሆንም እነዚያ ሴቶች የጠየቁት በ1948 በጉባኤው የተጠየቀውን፣ ምስጢሩ ስለ ምን ይከደናል የሚለውን ያንኑ ነበር፤ ያገኙትም መልስ ከዚያ ዘመን ብዙ የተለየ አልነበረም።

ዛሬ ሕንድ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ የአቶሙ ድርሻ ከመቶ 3 ገደማ ነው፤ በ2047 100 ሺህ ሜጋ ዋት እንደሚደርስ በ2025 ታውጇል። የሁለተኛው እርከን ነዳጅ አራቢ ማብላያ በካልፓካም በ2004 ተጀምሮ፣ በዚያው ዓመት ሱናሚው ጕድጓዱን አጥለቅልቆት፣ እምብርቱን መሙላት የተጀመረው በ2024 ነው። ከእርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ በዚያው ቅጥር ግቢ ካሚኒ የምትባል ትንሽ ማብላያ አለች፤ ከ1996 ጀምሮ ከቶሪየም በተወለደው ዩራኒየም 233 ትሠራለች፤ ኃይሏም 30 ኪሎ ዋት ነው። መብራት አይቀጠልባትም፤ ሊቃውንቱ የሌሎች ማብላያዎችን ነዳጅና ዕቃ ውስጡን ለመመርመር ይገለገሉባታል። በጥንቱ ትራቫንኮር፣ በቻቫራ ዳርቻም አሸዋው ዛሬም ከባሕር እየታፈሰ ይጣራል፤ ቶሪየሙም ተለይቶ ለሦስተኛው እርከን በመጋዘን ይቀመጣል።